ልጄ «ልምምድ» ያለች ቀን

ልጄ ሬዲዮዋን አፏ ላይ ደቅና «ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ» ስትል ነው የፈራሁት።

ሞተሩ ቀድሞ ቆሟል። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ትናጣለች፤ ውኃው በግራ በኩል እየዘለለ ጭናችን ላይ ይፈሳል። ይህን ሁሉ እያየሁ ልቤ መምታቱ ባይቀርም እንዲያ አልደነገጥሁም ነበር። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ማዕበል አይቶ ቶሎ አይጮህም። «ጀልባችን ቆማለች፤ ውኃ እያስገባች ነው፤ አራት ሰዎች ነን፤ ድረሱልን» አለች ልጄ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳትንተባተብ። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ያለችውን ቃል ሰምቻታለሁ። በዚያች ቃል የጀመረ ጥሪ ሲመጣ ማንም ከወንበሩ እንደማይነሣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጄ ምን እንዳለች አላወቀችም።

እኔ ጥሪው የሚሰማበትን ክፍል የምጠርግ ሴት ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ አጠገብ፣ የጀልባ ሰዎች በሬዲዮ መነጋገር የሚማሩበት ቤት አለ። ትምህርቴን ገና በሕፃንነቴ ነው ያቋረጥሁት፤ ፊደሉን ግን አልረሳሁም። እዚያ ቤት ስቀጠር መጥረጊያና መወልወያ እንጂ ሌላ ነገር የሚያገናኘኝ አልመሰለኝም ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን በሩን የምከፍተው እኔ ስለሆንሁ ማሽኖቹ ሲነሡ አያለሁ።

ኮምፒውተሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል። እንደ ሌላው ኮምፒውተር አይደሉም። ሌላው ያወቀውን የሚያስቀምጥበት ዲስክ የሚባል ነገር በሆዱ አለው አሉ፤ የእነዚህ ሆድ ግን ባዶ ነው። ሲበሩ ጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ ጽሑፍ ያወርዱና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከጓዳ ውስጥ አንዲት ትልቅ ማሽን አለች፤ ተማሪዎቹ «እናቲቱ» ይሏታል። እሷ ስትነሣ በሽቦ በኩል ለሁሉም ታድላቸዋለች። ሥራቸውንም፣ የሚያሰሙትን ድምፅም፣ የሚጠይቁትን ጥያቄም ከእሷ ነው የሚቀዱ። ማታ ሲጠፉ ሁሉንም ይረሱታል። በማግስቱ እንደገና ከእሷ።

አንድ ቀን መስታወቱን እየወለወልሁ አሠልጣኙን «ዲስኩን ለምን ነሷቸው?» አልሁት። አሠልጣኙ ልጅ እግር ነው፤ ከሌላ አገር በሥራ የመጣ። እኔ አስተማሪ ነው ብዬ አንቱ እለዋለሁ፤ እሱ እናቱን ስለማክል አንቱ ይለኛል፤ ስንነጋገር እንደ ሁለት መነኮሳት ነን።

«እትዬ፣ ዲስክ ሲዞር ያንሾካሽካል» አለኝ። «እዚህ ቤት ዋናው ሥራ መስማት ነው። በማዕበል መሐል የጠፋች ቀጭን ድምፅ መለየት አለባቸው። ማሽኑ ራሱ ካወራባቸው እንዴት ይሰማሉ? ደግሞ የእኛን መብራት ያውቁት የለ? ሄድ መጣ ሲል ዲስክ ይገድላል። እነዚህ ግን ምናቸው ይሞታል?»

«ተማሪ ቢያበላሻቸውስ?»

«አጥፍቶ ማብራት ነው። ትናንት የተበላሸው ዛሬ የለም።»

እነሱስ ታደሉ፣ አልሁ በሆዴ። የኔ ቤት ትናንትና አጥፍተው የሚያበሩት አልነበረም።

ባሌ በታንኳ እንጨት ጭኖ ከዘጌ ሲመጣ ነው ሐይቁ ላይ የቀረ። ታንኳው ደንገል መሐል ተወሽቆ ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። ልጄ ያኔ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ስትተኛም ስትነሣም ትጠይቀኛለች። «እማዬ፣ አባዬ ተጣርቶ ይሆን?» «ምን አውቄ ልጄ።» «ከተጣራስ ማን ሰማው?» ይህን መልስ የሌለውን ነገር ይዛ አደገች። እኔ ከዚያ ወዲህ ሐይቁን በመስኮት ካልሆነ አላየውም። ልጄን ከውኃ ማራቅ ሥራዬ ሆነ፤ እግሯን እንኳ ዳር ላይ ስትነክር እጮህባት ነበር።

ትምህርቱን ልትጀምር ስትል ተጣላኋት። «ሌላ ሥራ ጠፋ? አባትሽን የበላ ውኃ ነው!» አልኋት። «እማዬ፣ እኔ ውኃ ላይ አልሄድም» አለችኝ። «ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የምሰማ። የሚጠራ ሰው ካለ አንድ ሰው ይስማው።» 

ገባች። ተማሪዎቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ይቀመጣሉ። እናቲቱ ውስጥ የሐይቁ ድምፅ ሁሉ አለ፤ ነፋሱ፣ ማዕበሉ፣ የሞተሩ ማቃሰት፣ የሰው ጩኸት። አሠልጣኙ ያን ደባልቆ ይለቅባቸውና አንዱን ሰጣሚ አንዱን አዳኝ ያደርገዋል። ደረቅ ወለል ላይ ተቀምጠው ይሰጥማሉ። እኔ ከበሩ ቆሜ የማየው ከንፈራቸውን ብቻ ነው፤ ላባቸው ግን የእውነት ላብ ነው።

እውነተኛው የሐይቅ ሬዲዮም በዚያው ክፍል ያልፋል፤ ድምፁ የሚሰማው በአሠልጣኙ ማሽን በኩል ነው። ስለዚህ የልምምዱ ጥሪ ከእውነቱ እንዳይደባለቅ፣ አዳኝ ጀልባም በከንቱ እንዳይወጣ ብሎ አንድ ሥርዓት አበጀ። ልምምድ የሚያደርግ ሁሉ ከምንም በፊት «ልምምድ» ይላል፤ ሦስት ጊዜ። እናቲቱንም ይህንኑ አስተማራት። ተማሪው ያችን ቃል ካላስቀደመ መስታወቱ ቀይ ይሆንና ከመጀመሪያው ጀምር ይለዋል። ማሽኖቹ ሁሉ ከአንዲት እናት ስለሚቀዱ፣ የትኛውም ወንበር ላይ ቢቀመጡ ያው ነው። የእውነተኛው አደጋ ቃል ሌላ ነው፤ «አደጋ» ነው የሚባል። እሱን በወረቀት ተማሩት እንጂ በአፋቸው አልለመዱትም።

ልጄ ወራት ሙሉ ያችን ቃል ስትል ከረመች። እቤት ሽሮ ሲገነፍል ሳይቀር «ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ! ሽሮው ወጣ!» ብላ ትጮህብኝ ነበር። በሣቅ እንፈርስ ነበር።

ትምህርቱን ስትጨርስ የጀልባ ማኅበሩ ሬዲዮ ለሙከራ በጀልባዎች ላይ ይሁን አለ። ሬዲዮዋን የሚይዝ የተማረ ሰው ተፈለገ። ልጄ የአጎቷን ጀልባ መረጠች። ቃሏን አፈረሰች ብዬ አልወቅሳትም፤ አጎቷ ነው፤ ከሱ የበለጠ ሐይቁን የሚያውቅ አልነበረም። የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፣ አያ ነው የምለው። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ዓሣ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የኛን በር ነበር።

ያን ቀን የሄድነው ለባሌ ሙት ዓመት ነው። የአባቱ አገር ዘጌ ነው፤ ጸሎቱ እዚያ ነው የሚደረግ። እኔ በየዓመቱ በእግርም በመኪናም ዞሬ እሄድ ነበር። የዚያን ዓመት ልጄ ለመነችኝ። «እማዬ፣ ሬዲዮ አለን። አጎቴ አለ። አንድ ቀን እንኳ አብረሽኝ ሂጂ።» እሺ አልሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ።

ስንሄድ ውኃው እንደ ዘይት ነበር። ልጄ ከመሐል ሐይቅ ሬዲዮዋን አውጥታ «ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ። ወደ ዘጌ በሰላም እየሄድን ነው» አለች። ሬዲዮዋ ጢት አለችና የአሠልጣኙ ድምፅ መጣ፤ «ልምምድሽ ተሰምቷል። ጥሩ ነው።»

አያ መቅዘፊያውን አስደግፎ ሣቀ። «አሁን ይች ጥቁር ሳሙና ናት የምታድነን?»

«አጎቴ፣ እርስዎ የሚሰሙት ዓሣ ሲጠራዎት ብቻ ነው» አለችው።

«ዓሣስ ደኅና ነው፤ ልምምድ አይልም፤ ዘሎ ይገባል!»

እኔም ሣቅሁ። ውኃ ላይ መሣቄ ለራሴ ገርሞኝ ነበር።

ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ቄስ አብረውን ተሳፈሩ። ጸሎቱን ያደረሱልን እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸውን ሊታዩ ወደ ከተማ የሚመጡ። ሬዲዮዋን ሲያዩ «ይህች ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወራ?» አሉ። ልጄ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ማሽኖቹ አወራቻቸው። የራሳቸው ማስቀመጫ እንደሌላቸው፣ ሁሉንም ከአንዲቱ እየቀዱ እንደሚሠሩ ነገረቻቸው።

«የቆሎ ተማሪ ናቸዋ!» አሉ። «ከመምህሩ አፍ እየቀዳ።»

«የለም አባ፣ የቆሎ ተማሪስ ያደረውን ይዞ ይነሣል። እነዚህ ሲጠፉ ሁሉንም ይረሱታል።»

«ኧረ እንዲህ ያለም ተማሪ ነበረኝ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። አያ ከኋላ ሆኖ እስኪያስለው ሣቀ። የመጨረሻ ሣቁ እሱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጣና ሌላ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ተነሣ። መጀመሪያ ውኃው ጥቁር ሆነ፣ ቀጥሎ ነጭ ነጩን ማሳየት ጀመረ። አያ ፊቱ ተለወጠ፤ ቀልዱን ትቶ ሞተሩን ጨመረ። የከተማው ዛፍ ከሩቅ እንደ መስመር ይታየኛል። ደረስን፣ ደረስን እያልሁ በልቤ ኪዳነ ምሕረትን እጠራለሁ። በዚህ መሐል ሞተሩ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ።

አያ ጎንበስ ብሎ አየ። «መረብ!» አለ። ያ ቀጭኑ የላስቲክ መረብ ነው፤ አሥጋሪ ጥሎት የሄደ፣ ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ የሚኖር። ውኃ ውስጥ የሚዞረው የሞተሩ ክንፍ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ገምዶታል። አያ ከላይ ሆኖ በእጁ ሳበው፤ አልመጣም። ጀልባዋ ዞረች፤ ውኃው መግባት ጀመረ። አባ በቆባቸው ሳይቀር ውኃ ይቀዳሉ፤ እኔ በጣሳ። ልጄ ሬዲዮዋን ከተጠቀለለችበት ላስቲክ አወጣች።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ያች ቃል ከአፏ የወጣች።

ሬዲዮዋ ጢት አለች። የአሠልጣኙ ድምፅ መጣ፤ የተረጋጋ፣ ደግ የሆነ የአስተማሪ ድምፅ። «ልምምድሽ ተሰምቷል። ደኅና ነው፤ ግን አትቸኩዪ። መጀመሪያ ያለሽበትን ቦታ ተናገሪ፣ ከዚያ የሰው ብዛት። ጨርሻለሁ።»

ልጄ ሬዲዮዋን አየቻት። «ምን ሆኗል ይሄ ሰውዬ?»

«ልምምድ አልሽ ኮ» አልኋት።

«አላልሁም!»

«ብለሻል ልጄ» አሉ አባ፣ ቀስ ብለው።

ፊቷ ላይ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። ደሟ ከግንባሯ ወደ አንገቷ ሲወርድ አየሁት። ቁልፏን ተጫነችና «አደጋ፣ አደ—» አለች። ሬዲዮዋ ጢት አላለችም። እንደገና ተጫነች። የለም። ሽው የሚል ድምፅ ብቻ።

ምን እንደሆነ ሁለታችንም አወቅነው። መብራት ሄዷል። በዚያ ክፍል መብራት ሲሄድ መስታወቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠቁራሉ፤ ተማሪዎቹ «ወይኔ!» ይላሉ፤ ማዳመጫቸውን አውልቀው ይወያያሉ። መብራቱ ቢመጣ እንኳ ወዲያው አይሰሙም። መጀመሪያ እናቲቱ መነሣት አለባት፤ እሷ ደግሞ ትልቅ ሰው ናት፣ እያቃሰተች ነው የምትነሣ። ከዚያ በሽቦው ታድላለች። ከዚያ ነው የአሠልጣኙ ማሽን ጆሮ የሚያወጣ። እስከዚያ ድረስ ጣና ሙሉ ቢጮህ ሰሚ የለውም። ስንት ጊዜ ወለሉን እየጠረግሁ ያን ነጭ ጽሑፍ ቆሜ አይቻለሁ፤ ችኩል ሆኜ አላየሁትም ነበር እንጂ።

«አጎቴ፣ መብራት ሄዷል፤ እስኪነሡ መጠበቅ አለብን» አለች ልጄ።

አያ ልብሱን እያወለቀ ነበር። «እነሱ እስኪነሡ እኛ እንወርዳለን» አለ። ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ። ቢላዋውን ያዘ። ወደኔ ዞረና «እቴ» አለኝ፣ «ያችን ልጅ ያዣት።»

ሌላ ነገር አላለም። ገባ።

አንድ ጊዜ ወጣ። ውኃውን ከአፉ ተፍቶ «ትንሽ ነው የቀረው» አለ። ተመልሶ ጠለቀ። ጀልባዋ ተነሥታ ወደቀች፤ በማዕበሉ ላይ ኋላዋ ሲመታ ድምፁን በእግሬ ነው የሰማሁት። ገመዱ ተወጠረ። ጠበቅነው። አልወጣም። አባ ገመዱን ያዙ፣ እኔ ያዝሁ፣ ልጄ ያዘች፤ ሳብነው። ሰው ሲስብ ከወዲያ ጫፍ ያለው ትንሽ ይሰጣል፤ ይህ አልሰጠንም። መረቡ እሱንም ጠቅልሎት ነበር። እኛ ስንስብ መረቡ ከታች ይስበዋል። መዳፌ ተላጠ። አባ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ይላሉ። ከዚያ ገመዱ ከበደ። ሕይወት ያለው ነገር እንዲያ አይከብድም።

ልጄ ገመዱን ለቀቀች። ጫማዋን አወለቀች።

ቀበቶዋን ያዝሁ።

«ልቀቂኝ! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልሁት!»

«አለቅሽም።»

«እማዬ በእመቤቴ! አሁንም ሕይወት አለው! ልቀቂኝ!»

መታችኝ። ልጄ እጇን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ደረቴን መታችኝ፤ ክንዴን ነከሰችኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማውቀው፤ ይህች ቀበቶ ከእጄ ከወጣች ልጅ የለኝም። አባትዋ ሄደ፣ አጎቷ ይኸው፤ ይህችን ግን ውኃው አያገኛትም። ጉልበቴን ከጀልባዋ እንጨት ሥር ወሸቅሁና ተንጠላጠልሁባት። አባ ደግሞ በትከሻዋ ተጫኗት። «ልጄ፣ እሱ ለአንቺ ነው የገባ። አትግደይው ደግመሽ» አሏት። ያን ጊዜ መታገሏን ተወች። ወለሉ ላይ ውኃው ውስጥ ተቀመጠች።

ሬዲዮዋ እግሬ ሥር ትንሳፈፋለች። ትንሽ ቆይታ ጢት አለች።

«መብራት መጥቷል» አለ የአሠልጣኙ ድምፅ። «ሐይቅ ላይ ያላችሁ፣ ትሰሙኛላችሁ?»

ልጄ ሬዲዮዋን አነሣች። አፏን ከፈተች። «ል—» አለችና በእጇ አፏን ያዘችው። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። አንደበቷን አላመነችውም። ሬዲዮዋን ወደኔ ገፋችው።

በአንድ እጄ ቀበቶዋን ይዣለሁ፤ ልለቅ አልችልም። አባ ሬዲዮዋን አፌ ላይ ይዘው ቁልፏን ተጫኑልኝ። የሚባለውን ሥርዓት አላስታወስሁም። «እኔ ነኝ» አልሁ። «ክፍሉን የምጠርገው። ጀልባችን ቆማለች። አያ ውኃ ውስጥ ቀረብን። ልጄ ልትገባ ነው። ልጄ፣ ድረስልን! ድረስልን!» አንቱታውን ረስቼው ነበር። እሱንም ልጄ ብዬው ነበር።

 ከዚያ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።

«እትዬ?» አለ። «እርስዎ ነዎት? የት ናችሁ?»

ልጄ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ፤ የክብራንን ደሴት በየት በኩል እንዳለፍን፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋን፣ ምን እንደሚታየን። እሷ እያለች እኔ አልሁ። አንዳንዱ ቃል ትርጉሙ አይገባኝም፤ ብቻ እሷ እንዳለችው አልሁት። «መጡ፣ መጡ፣ ጀልባው ወጥቷል» ይላል እሱ። «አይዝጉት፤ አውሩኝ። ልጅቱ አለች?» «አለች።» «ይዘዋታል?» «ይዣታለሁ።» ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግሜ እመልሳለሁ። ድምፁ የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም ያን ጊዜ። ያለቅስ ነበር።

አዳኞቹ ሲደርሱ ጀልባችን ግማሹን ጠጥታ ነበር። አንሥተው ወደነሱ ጀልባ አሻገሩን። ልጄን ስሰጣቸው እንኳ ቀበቶዋን አለቀቅሁም፤ አንዱ ጎልማሳ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀኝና እኔን ደግሞ አሻግሮ መልሶ አስያዘኝ። ከአዳኞቹ ሁለቱ ውኃው ውስጥ ገቡ። መረቡን ከብዙ ቦታ ቆረጡት። አያን አወጡት። ሞተሩ ላይ የነበረውን መረብ እሱ ከሞላ ጎደል ጨርሶት ነበር አሉ፤ እግሩን ነው የያዘው። አባ ጋቢያቸውን አውጥተው አለበሱት። ጋቢው ብቻ ደረቅ ነበር፤ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውት ነበርና።

ወደ ዳር ስንመጣ ልጄ ጭኔ ላይ ራሷን ደፋች። አታለቅስም። ጸጉሯን ከፊቷ ላይ እያነሣሁ «የኔ ልጅ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» እላታለሁ፤ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። አሁንም እንዲህ እላታለሁ፤ አሁንም የምትሰማኝ አይመስለኝም። ማሽኖቹ ቢሆኑ ማታ ተጠፍተው ጠዋት ሌላ ይሆኑ ነበር። ሰው ያደረበትን ይዞ ነው የሚነሣ።

ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አሠልጣኙ ውኃው ውስጥ ቆሟል፤ ሱሪውን ሳይሰበስብ፣ ጉልበቱ ድረስ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ሽቦው ተበጥሶ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋቢውን ሲያይ ራሱን ያዘ። ልጄን ሲያይ ደግሞ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። እሷም አላየችውም። የአያ ሚስት ከሰዎቹ መሐል እየሮጠች መጣች፤ ያን ጩኸት አልጽፈውም።

እኔን ሁለት ሴቶች በብብቴ ይዘው አወረዱኝ። እግሬ ድንጋዩን ረገጠ፤ ድንጋዩ አይንቀሳቀስም። የማላውቃት አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችና «እናት፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ።

ልጄን አየሁ። ከጎኔ ቆማለች፤ ትተነፍሳለች። ቀበቶዋ በእጄ ነው።

«ደኅና ነኝ» አልሁ። «መሬት ላይ ነኝ። ልጄም ወጥታለች።»